«ሐኪሙ አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?» ለተባለችው የድሬ እናት

ጥያቄው፦ ሰላም ዶክተር። የምጽፈው ከሳቢያን ነው። ልጄ 3 ዓመት ከ6 ወሩ ነው። ኬጂ ከገባ ጀምሮ በየወሩ ያተኩሰዋል። ሰሞኑን ሦስት ቀን ሲያተኩሰው አንድ ክሊኒክ ወሰድኩት። ደም ታየና ታይፎይድ ነው ተብሎ የ5 ቀን መርፌ ታዘዘ። «ወባስ ታይቷል ወይ?» ብዬ ብጠይቅ «ሐኪሙ አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?» አለኝ። አፍሬ ዝም አልኩ። መርፌውን ጨርሶ አሁን ደህና ነው። አማቴ ደግሞ እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ እያለች ነው። ባለቤቴ ሹፌር ነው፣ ብዙውን ጊዜ የጅቡቲ መስመር ላይ ነው። ለመሆኑ ወላጅ ምን ያህል ድረስ መጠየቅ ይችላል? ደግሞ ሲያመው ምን ላድርግ?

መልስ፦ ድሬ ነንና «እርስዎ» ብልሽ ራስሽ ትስቂብኛለሽ። አንቺ እያልኩ ልቀጥል።

መጀመሪያ ያቺን ጥያቄሽን ልያዛት። «ወባስ ታይቷል ወይ?» ማለት ድፍረትም ንቀትም አይደለም። እዚህ ከተማ ሦስት ቀን ያተኮሰው ልጅ ሲመጣልኝ እኔም ቀድሜ የማስበው እሱኑ ነው። ምናልባት ታይቶ ይሆናል። ታይቶ ከነበረ «አዎ፣ ነጋቲቭ ነው» ብሎ መገላገል ይቻል ነበር። ካልታየ ደግሞ ጥያቄሽ ለሰውየው ውለታ ነበር። በየትኛውም በኩል ብታይው የምታፍሪበት ነገር የለም።

ለባልደረቦቼ ትንሽ ልከራከር እንጂ። እዚህ ሙቀቱን ፈርቶ ሁሉም ሰው በጠዋት ነው ልጁን ይዞ የሚመጣው። ከ2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ የቀኑ ታካሚ በሙሉ በአንድ በር ይገባል፣ ልጅ ያለቅሳል፣ ካርድ ይጠፋል፣ ላቦራቶሪ «ቆዩ» ይላል፣ በመሀል ደግሞ አንዱ የሚንዘፈዘፍ ልጅ ታቅፎ ይደርሳል። ሰው ሲደክመው ይነጫነጫል። ቢሆንም እናት ላይ መጮህ አይገባም። ሐኪም ምን እንደጠረጠረ፣ ምን እንዳዘዘና ለምን እንዳዘዘ ማስረዳት ግዴታው ነው። ታካሚው ልጅ ከሆነ ማብራሪያውን የሚሰማውም፣ እሺ ወይም እምቢ የሚለውም ወላጅ ነው። «ምን ያህል ድረስ?» ላልሽው መልሴ እስኪገባሽ ድረስ ነው።

አሁን ግን እኔም አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ክሊኒኩ ስትገቢ ምን ብለሽ ነበር የነገርሽው? «ያተኩሰዋል» ብቻ ከሆነ ብዙ ነገር ቤት ትተሽ ነው የሄድሽው።

የ3 ዓመት ልጅ የት ጋ ነው የሚያምህ ሲሉት ሆዱን ያሳያል። ጆሮውን ቢያመውም ሆዱን፣ ጉሮሮውን ቢያመውም ሆዱን ነው የሚያሳየው። ሐኪም ልጁን የሚያየው ቢበዛ አስር፣ አስራ አምስት ደቂቃ ነው፤ እሱንም ልጁ እያለቀሰ። ሌሊቱን ያደርሽው አንቺ ነሽ። ስለዚህ ምርመራው የሚጀምረው ካንቺ አፍ ነው፣ የምትነግሪው ነገር ከተድበሰበሰ ምርመራውም ይድበሰበሳል።

በደንብ የምትናገር እናት እንዲህ ትላለች፦ «ማክሰኞ ማታ ነው የጀመረው። በቴርሞሜትር 38.7 ነበር። ረቡዕ ሁለት ጊዜ አስመለሰው፣ ተቅማጥ የለውም። ከትናንት ማታ ጀምሮ አንዴ ብቻ ነው የሸናው። ፓራሲታሞል ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ሰጥቼዋለሁ። ኬጂያቸው ውስጥ ሌሎችም ታመዋል። ባለፈው ወር ኤርር ሄደን ነበር።» ይሄ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ለኔ ግን እያንዳንዱ ቃል ሥራ አለው። አንዴ ብቻ ሸና ስትይኝ ፈሳሽ እንዳነሰው አውቃለሁ፣ ሌላውን ትቼ ውሃውን አያለሁ። መድኃኒት የሰጠሽበትን ሰዓት ስትነግሪኝ፣ እኔ ጋ ሲደርስ ሰውነቱ የቀዘቀዘው ለምን እንደሆነ ይገባኛልና «ትኩሳት የለውም» ብዬ አልሸኝሽም። ኤርር የሚባለው ቦታ ሄደን ነበር ስትይኝ የወባ ጥርጣሬዬ ከፍ ይላል። ኬጂ ስትይኝ የጉንፋን ጥርጣሬዬ ከፍ ይላል።

ይሄንን ሁሉ በቃል መያዝ አይጠበቅብሽም። ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ስንት ቀን እንደሆነ እንኳን ይጠፋዋል። ስልክሽ ላይ ጻፊው፣ ወይም የልጁ ብቻ የሆነች ደብተር ግዢና ከክትባት ካርዱ ጋር በአንድ ፌስታል አስቀምጪ። የላቦራቶሪ ወረቀት፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ የኤክስሬይ ውጤት ሁሉ እዚያው ይግባ፤ ፎቶም አንሺው፣ የላቦራቶሪ ወረቀት እዚህ ሙቀት ውስጥ ጽሑፉ ቶሎ ይደበዝዛል። አተነፋፈሱ ሌሊት ግራ ካጋባሽ ወይም ካንቀጠቀጠው ቪዲዮ ቅረጪው። አንዳንዴ የሃያ ሰከንድ ቪዲዮ ብዙ ምርመራ ያስቀራል።

እስቲ ወደ ታይፎይዱ እንምጣ። የምርመራውን ወረቀት አውጥተሽ እይው። «ኦ» እና «ኤች» ከሚሉ ፊደሎች ጎን 1፡80 ወይም 1፡160 የሚል ቁጥር ካለበት ዊዳል የሚባለው ምርመራ ነው። በየክሊኒኩ የሚሠራው እሱ ነው። ዊዳል ጀርሙን አያይም። ሰውነት ጀርሙን ለመዋጋት የሠራውን አንቲቦዲ ነው የሚለካው። አንቲቦዲው ከወራት በፊት ከነበረ ሕመም የተረፈ ሊሆን ይችላል፣ ከሌላ ተቀራራቢ ጀርም የመጣም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንዴ የተሠራ ዊዳል ብቻውን ይዞ «ይሄ ልጅ ታይፎይድ አለበት» ማለት አይቻልም። አስተማማኙ የደም ካልቸር ነው፣ ማለትም ጀርሙን ራሱን ከደሙ አሳድጎ የሚያየው ምርመራ፣ ግን ቀናት ይወስዳል፣ በየቦታውም አይገኝም። ልጅሽ ታይፎይድ አልነበረበትም እያልኩሽ አይደለም፤ ሳላየው እንደዚያ ማለት አልችልም። ግን «መርፌውን ወስዶ ዳነ፣ ስለዚህ ታይፎይድ ነበር» ብለሽ ደብተር ላይ እንዳትጽፊው። ብዙ የቫይረስ ትኩሳት በሦስትና በአምስት ቀን በራሱ ይለቃል። መርፌው አምስተኛው ቀን ላይ ሲደርስ ትኩሳቱ ለመሄድ ጫማውን አድርጎ ሊሆን ይችላል። በየወሩ እንዲህ አንቲባዮቲክ ከወሰደ ደግሞ የምር የሚያስፈልገው ቀን መድኃኒቱ አልሰማ እንዳይለው እፈራለሁ።

ድሬ ላይ ትኩሳትን ሌላ ቦታ እንደሚታየው ማየት አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ የሚባል በትንኝ የሚተላለፍ ትኩሳት በወረርሽኝ መልክ እዚህ ገብቷል፣ በ2019 ቺኩንጉንያ ከተማውን በሙሉ መገጣጠሚያውን አሳምሞ አስተኝቶታል፣ ያንን ጊዜ የማያስታውስ የድሬ ሰው ያለ አይመስለኝም። በ2022 ደግሞ በበጋ፣ ዝናብ በሌለበት፣ ወባ ተነሳብን። ምክንያቱ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል ከውጭ የገባች ትንኝ ናት። ረግረግ አትፈልግም። ሮቶ ውስጥ፣ በርሜል ውስጥ፣ የግንባታ ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች። «እኛ እኮ ከተማ ውስጥ ነን፣ ወባ ከየት ይመጣል?» የሚለው ወሬ እዚህ ጊዜው አልፎበታል። ሐኪምም ቢለው አትቀበይው። ከጣት ጠብታ ደም ተወስዶ የሚሠራው ፈጣን ምርመራ ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጀው። መጀመሪያ ነጋቲቭ ሆኖ ትኩሳቱ ከቀጠለ እንደገና ይታይ።

ደንጊን በተመለከተ ሁለት ነገር ብቻ ያዢልኝ። አንደኛ፣ ምንነቱ ባልታወቀ ትኩሳት ለልጅ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ መርፌ አይሰጥም፣ ደም ሊያፈስ ይችላል። «ቶሎ እንዲበርድለት አንድ ውጉልኝ» የሚሉ ወላጆች አሉ፣ እባክሽ ከነሱ አትሁኚ። ሁለተኛ፣ የደንጊ አደገኛው ጊዜ ትኩሳቱ የሚወርድበት ጊዜ ነው፣ ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን አካባቢ። ቤተሰቡ «ተመስገን፣ ለቀቀው» ባለበት ሰዓት ልጁ ሆዱን አጥብቆ ካመመው፣ ማስመለስ ካላቆመ፣ ድዱ ወይም አፍንጫው ከደማ፣ እጅና እግሩ ከቀዘቀዘ፣ ወይም ዝም ብሎ ከፈዘዘ ጊዜ የለም፣ ወደ ሆስፒታል ነው።

አሁን ደግሞ እንዴት እንደምትጠይቂ። ቃናው ላይ ነው ነገሩ ያለው። «ለምን ይሄን አላየህም?» ስትይ ሐኪሙ ራሱን መከላከል ይጀምራል፣ ያኔ መልስ አታገኚም። «ዶክተር፣ ቤት ስገባ እንዳልሳሳት ነው የምጠይቅህ» ብለሽ ከጀመርሽ ግን አብዛኛው ሰው ይለሰልሳል፣ የተቆጣውም ሳይቀር። ከዚያ ምን እንደጠረጠረና ሌላ ምን ሊሆን እንደሚችል ጠይቂው። «ይሄ ምርመራ ፖዘቲቭ ቢሆን ምን እናደርጋለን፣ ነጋቲቭ ቢሆንስ?» በይው፤ ይህቺን ጥያቄ እወዳታለሁ፣ መልሱ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ከሆነ ምርመራው ገንዘብሽን ብቻ ነው የሚጨርሰው። መድኃኒቱ ለስንት ቀን እንደሆነ፣ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ፣ ቢያስመልሰው ይደገም ወይ በይው። መጨረሻ ላይ የማትቀረዋ ግን «ምን ካየሁ ነው ቀጠሮዬን ሳልጠብቅ የምመለሰው?» የምትለዋ ናት። የምትጠይቂው አንድ ነገር ብቻ ቢሆን እሷን ጠይቂ።

ከዚያ የነገረሽን መልሰሽ ንገሪው። «እንግዲህ ይሄኛውን በቀን ሁለት ጊዜ ለ5 ቀን፣ ትኩሳቱ እስከ ዓርብ ካልለቀቀው እመለሳለሁ፣ አይደል?» በይው። ስታወሪ ራሱ ያርምሻል። ማዘዣው ላይ የተጻፈው ካልተነበበልሽ እዚያው ያስነብብሽ፣ ፋርማሲ ጋ ሄደሽ ከምትገምቱት። ሐኪሙ የሚያወራበት ቋንቋ የማይገባሽ ከሆነም (ይሄን የምለው ላንቺ ሳይሆን ለሌሎች አንባቢዎች ነው) ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ የሚችል ነርስ ይጠራ በሉ። ድሬ ላይ በአንድ ኮሪደር ሦስት ቋንቋ የሚችል ሰው አይጠፋም። ጎረቤት ልጅ አስተርጓሚ አድርጎ ማምጣት ግን ጥሩ አይደለም፣ መጠኑን እያሳሳቱ ያስተላልፋሉ።

ይሄን ሁሉ ብለሽም ሐኪሙ ከተቆጣሽ? ያን ቀን ሕክምናውን ጨርሺ፣ ልጁ ነው የሚጎዳው። በሚቀጥለው ግን ሌላ ሐኪም ፈልጊ፣ ምንም ክፋት የለውም። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሐኪም መቀየር አንድ ነገር ነው፣ በአንድ ሳምንት ሦስት ክሊኒክ መዞር ሌላ። ሰኞ አንዱ አሞክሲሲሊን ይጀምርለታል፣ ረቡዕ ሌላው እሱን አስጥሎ መርፌ ያዝዛል፣ ዓርብ ሦስተኛው ደሙን ከመጀመሪያ ያየዋል። ሦስቱም ልጁን እንደ አዲስ ነው የሚያዩት። አንድ ጤና ጣቢያ ወይም አንድ ክሊኒክ ምረጪና እዚያው ተከታተዪ። ከአቅማቸው በላይ ሲሆን ሪፈር ጽፈው ወደ ድል ጮራ ወይም ወደ ሳቢያን ሆስፒታል ይልኩሻል። ወረቀቱን ይዘሽ ስትሄጂ ከባዶ አትጀምሪም።

ልጅሽ ስንት ኪሎ ነው? ብዙ ወላጅ የልጁን ዕድሜ በቀን ያውቃል፣ ኪሎውን ግን አያውቅም። የልጅ መድኃኒት የሚሰላው ደግሞ በኪሎ ነው። ፓራሲታሞልን ውሰጂ። ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው፣ ቢያንስ የ4 ሰዓት ልዩነት ኖሮት፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። ልጅሽ 14 ኪሎ ነው እንበል። በአንድ ጊዜ የሚበቃው ከ140 እስከ 210 ሚሊግራም ነው ማለት ነው። አሁን ጠርሙሱን አዙረሽ አንብቢው። ገበያ ላይ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊግራም ያለው ሽሮፕ አለ፣ 250 ሚሊግራም ያለውም አለ። ቀለማቸውም ጣዕማቸውም ሊመሳሰል ይችላል። ከመጀመሪያው ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። ከሁለተኛው ከ3 እስከ 4 ነው። «አንድ ማንኪያ ስጪው» ተብለሽ ባለ 5 ሚሊ ሊትሩን ማንኪያ ብትሰጪው፣ ከአንዱ ያንሰዋል ከሌላው ይበዛበታል። የወጥ ማንኪያ ከሆነማ ጭራሽ አይታወቅም። ፋርማሲው ላይ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ግዢ፣ ርካሽ ነው፣ በሱ ለክተሽ በጉንጩ በኩል ቀስ እያልሽ ስጪው። ባለቤትሽ ከጅቡቲ መድኃኒት የሚያመጣ ከሆነም (አመጣልኝ የሚሉ ብዙ ናቸው) ፈረንሳይኛውን ገምታችሁ አትስጡት፣ ጠርሙሱን ለፋርማሲ ባለሙያ አሳዩ።

ትኩሳት ሲይዘው ልብሱን ቀለል አድርጊለት፣ አጠጪው። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ጋቢ ጠቅልለው የሚያመጡልን ልጆች አሉ፣ ግማሹ ትኩሳት የጋቢው ነው። አረቄ ቀብቶ ማሸት ይቅር፣ በቆዳው ይገባል፣ ልጅ ያሰክራል።

በየወሩ መታመሙን በተመለከተ ብዙም አትደንግጪ። ኬጂ የገባ ልጅ በዓመት ከ6 እስከ 8 ጊዜ ጉንፋን ቢይዘው ያለ ነው። አንዱ የሳለውን ሌላው ይቀበላል፣ ሰውነቱም እየተማረ ነው። እኔ የምጨነቀው በመሀል ባሉት ሳምንታት ነው። በመሀል ይበላል? ይጫወታል? ኪሎው ይጨምራል? እነዚህ ካሉ ደህና ነው። ኪሎው ከቆመ፣ የሳንባ ምች ደጋግሞ ከያዘው፣ ጆሮው መግል ካፈሰሰ፣ ሳሉ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ወይም ቤት ውስጥ ቲቢ ያለበት ሰው ካለ ግን «ጉንፋን ነው» ብለሽ አትለፊው። ለዚህ ነው ክብደቱን በየሦስት ወሩ ጤና ጣቢያ ጎራ ብለሽ አስለክተሽ ደብተሩ ላይ ብትጽፊው የምለው።

አማትሽ። እንጥል መቁረጥ ትኩሳት አያስቀርም። እንጥል ያብጣል፣ ጉሮሮ ሲታመም አብሮ ይቀላል፣ ሕመሙ ሲድን ይመለሳል። ሲቆረጥ ደግሞ ደም ሊፈስ ይችላል፣ ምላጩ ንጹሕ ካልሆነ ቴታነስ፣ እንዲሁም በደም የሚተላለፍ በሽታ ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ መልሱ አይቆረጥም ነው፣ ድርድር የለውም።

ግን ከአማትሽ ጋር አትጣዪ። ልጁን የምትወደው አያቱ ናት፣ ምናልባትም አንቺ ሥራ ስትሆኚ የምትውልለት እሷ ናት። «ዶክተሩ አይሆንም ብሏል» ብለሽ ዘግተሽባት ከሄድሽ አንድ ቀን አንቺ በሌለሽበት ይቆረጣል። ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሻል የሚለው አብራ እንድትመጣ ማድረግ ነው። «እማዬ፣ አንቺ ነሽ ቀኑን የምትውይለት፣ እስቲ አንቺ ንገሪያቸው» በያት። ሐኪሙ ጉሮሮውን በመብራት ሲያይ እሷም ታየዋለች። ጥያቄዋን እሷው ትጠይቅ። አያት በሐኪም ፊት ከበሬታ ካገኘች ከዚያ በኋላ መድኃኒቱን ሰዓቱን ጠብቃ የምትሰጠው እሷ ናት፣ ካንቺ በላይ። ስንት ጊዜ እንደሸና፣ ስንት ጊዜ እንዳስመለሰው አደራውን ለሷ ስጫት።

ባለቤትሽ ደግሞ መንገድ ላይ ነው ማለት የለም ማለት አይደለም። አባቶቻችን ካርድ ያወጣሉ፣ ይከፍላሉ፣ ከዚያ በሩ ላይ ቆመው ስልካቸውን ያያሉ። ከሰዓት በኋላማ ተይው፣ የበርጫ ሰዓት ነው፣ አባት የሚባል ብዙም አይታይም። ያንቺው ግን መረብ ሲኖረው ይደውል፣ ሐኪሙን አስፈቅደሽ ስፒከር ላይ አድርጊው። የወረቀቶቹ ፎቶ እሱም ጋ ይኑር። አንቺ የረሳሽውን እሱ ያስታውስሻል። ቤት የሚያድርበት ሳምንት ደግሞ ክብደት የማስለካቱ ተራ የሱ ይሁን፣ ብቻውን ይዞት ይሂድ። ልጁን አንድ ቀን ብቻውን ሐኪም ቤት ያልወሰደ አባት ሌሊት ሲደወልለት ምን እንደሚጠይቅ አያውቅም።

ደግሞ ሲያመው፣ መቼም መታመሙ አይቀርም፣ መጀመሪያ አራት ነገር እይ። ውሃ መጠጣት አቅቶታል ወይ? የጠጣውን ሁሉ ያስመልሳል ወይ? አንቀጥቅጦታል ወይ? ስትጠሪው አልነቃ ብሏል ወይ? ከአራቱ አንዱ ካለ ነገ የለም፣ ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጠርተሽ ሂጂ። ካንቀጠቀጠው በጎኑ አስተኚው፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቢ፣ ክብሪትም አታሽትቺው። ሳል ካለው ተረጋግቶ ሳለ፣ ቢቻል ተኝቶ፣ የስልክሽን ሰዓት ይዘሽ ሙሉ አንድ ደቂቃ ትንፋሹን ቁጠሪ። በሱ ዕድሜ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ደረቱ የታችኛው ክፍል ሲተነፍስ ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ የባሰ ነው። ሁለቱም በዚያው ቀን መታየት አለባቸው። ከነዚህ አንዱም ከሌለ፣ ከጠጣና ትኩሳቱ ሲበርድለት የሚጫወት ከሆነ፣ በማግስቱ ጠዋት ጤና ጣቢያ ወስደሽ የወባ ምርመራ አስደርጊለት፤ እዚህ ከተማ «ሦስት ቀን እንየው» አልልም።

ተቅማጥ ከሆነ አንዱን የኦአርኤስ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጪ፣ በባለ አንድ ሊትር የሃይላንድ ፕላስቲክ ለኪው፣ ዓይን በዓይን አትለኪ። በተቀመጠ ቁጥር ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይጠጣ። ዚንክ ደግሞ በቀን 20 ሚሊግራም ለ10 ቀን፣ ተቅማጡ በሁለተኛው ቀን ቢቆምም።

የሮቶሽን ነገር ሳልረሳ። ክዳኑ ይገጥማል? በርሜልና ጀሪካንስ? ትንኟ ከእንቁላል ተነስታ ክንፍ እስክታወጣ ሳምንት ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ነው የሚፈጅባት። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁሌ በአንድ ቀን፣ በርሜሉን ገልብጠሽ ግድግዳውን በብሩሽ ፈግፍጊው፣ የደንጊዋ ትንኝ እንቁላል ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ መድፋት እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ፤ ልብስ እጠቢበትና ጨርሺው። የሮቶውን አፍ በቀጭን ወንፊት ጨርቅ ሸፍኚው። ልጁ ማታ አጎበር ውስጥ ይተኛ። የደንጊዋ ትንኝ ግን ቀን ነው የምትነክሰው፣ ለሷ አጎበር አይበቃም፣ ከሰዓት የሚተኛ ከሆነ ያኔም አጎበሩን አውርጂለት።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ የክትባት ካርዱ። የኩፍኝ ክትባት ሁለት ጊዜ ነው፣ በ9 ወርና በ15 ወር። የ9 ወሩን ወስደው የ15ቱን የሚረሱ ብዙ ናቸው። አውጥተሽ እይው፤ የሁለተኛው ቦታ ባዶ ከሆነ «ጊዜው አልፏል» ብለሽ አትተይው፣ ጤና ጣቢያ ወስደሽ ጠይቂ፣ በዚያው ክብደቱን አስለኪ። ቫይታሚን ኤ በየስድስት ወሩ እስከ 5 ዓመት ይሰጣል፣ የአንጀት ትል መድኃኒትም አለ። የመጨረሻውን መቼ እንደወሰደ ካርዱ ላይ ካላገኘሽው እነሱን ጠይቂያቸው። የዊዳሉን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ብትልኪልኝ ደግሞ አየዋለሁ፣ የልጁን ስም ሸፍነሽ።